ስፒንን የት እንማር? ግላይደር ማብረር ለምታስቡ የወሎ ልጆች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣች። ኢንጂነሪንግ ጨርሳለች። ለማስተርስ ወደ አውሮፓ ልትሄድ ነው፣ እግረ መንገዷንም ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ማብረር ልትማር ቆርጣለች። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ስልኳን አውጥታ የሦስት ክለቦችን የትምህርት ዝርዝር አሳየችኝ።

"ጋሼ፣ አንዱ ስፒን ያስተምራል። አንዱ ስፒንን ማስወገድ ብቻ ነው የሚለው። ሦስተኛው ጭራሽ አያነሳውም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልያዝ?"

እናቷ ከረከቦቱ ቀና አለች። "ስፒን ደግሞ ምንድን ነው?" ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ እያሽከረከረች ወደ ቄጠማው አወረደችው። "ያረቢ! ገንዘብ ከፍለሽ ለመውደቅ ነው የምትሄጂው?" አለች እህቴ።

ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ናቸው። የልጅቷም የእናቷም። ከሷ ሌላም ሁለት ሦስት የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ይህንኑ ስለጠየቁኝ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ወሎ ውስጥ የግላይደር ትምህርት ቤት የለንም፣ ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው ከሩቅ ሆኖ፣ ስልክ ላይ እያነበቡ ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ ደግሞ ዋናው ነገር አይጻፍም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ

ክንፍ የሚያነሳው ነፋሱን በትንሽ አንግል ሲቀበል ነው። ስቲኩን (በእጅ የሚያዘውን መንጃ ዘንግ) እየሳባችሁ አንግሉን ስትጨምሩ ማንሳቱም ይጨምራል፣ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ ሲያልፍ ነፋሱ የክንፉን ጀርባ ይዞ መፍሰሱን ይተውና ይበታተናል። ስቶል የሚባለው ይሄ ነው። በዚያች ቅጽበት ግላይደሩ ቀጥ ብሎ ከሆነ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ስቲኩን ትንሽ ወደፊት ስትለቁለት ይመለሳል፣ አለቀ። አፍንጫው ወደ አንድ ጎን እየዞረ ከሆነ ግን አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ይሞታል። የሞተው ይወርዳል፣ ሲወርድ አንግሉ ይብስበታል፣ ሌላኛው ግን አሁንም እያነሳ ነው። ግላይደሩ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ መሽከርከር ይጀምራል፣ ማንም ሳይነካውም ራሱን እያዞረ ይቀጥላል። ስፒን ማለት ይሄ ነው።

ብዙ ተማሪ ስፒንን ከስፓይራል፣ ማለትም ክንፉ ስቶል ሳያደርግ ቁልቁል እየዞሩ ከመውረድ፣ ጋር ያምታታል። ሁለቱም አፍንጫ ወደ ታች ናቸው፣ ሁለቱም ይዞራሉ፣ ከውስጥ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መለያው ፍጥነት መለኪያው ነው። ስፒን ላይ ፍጥነቱ ዝቅ እንዳለ ይቆያል፣ ምክንያቱም ክንፉ ስቶል ላይ ነው። ስፓይራል ላይ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ወንበሩም ላይ ይጫናችኋል። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ ስለዚህ መለየቱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከስፒን መውጫው አጭር ነው። ከመዞሪያው በተቃራኒ ያለውን ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጭራውን መሪ የሚያዞረውን) እስከ መጨረሻው መርገጥ። ስቲኩን ወደ ጎን ሳያዘነብሉ መሃል መያዝ። ከዚያ መሽከርከሩ እስኪቆም ስቲኩን ቀስ እያሉ ወደፊት መግፋት። ሲቆም ፔዳሉን መሃል ማድረግ፣ ከዚያ ከቁልቁለቱ በእርጋታ መውጣት። የግላይደሩ መመሪያ የተለየ ነገር ካለ የሚሠራው የመመሪያው ነው።

ችግሩ ሰው በተፈጥሮው ተቃራኒውን ማድረጉ ነው። መሬት ፊት ለፊት ሲመጣ እጅ ስቲኩን ወደ ራሱ ይስባል። ክንፍ ሲወድቅ እጅ ስቲኩን ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1912 ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በሳልዝበሪ ሜዳ ላይ በአቭሮ አውሮፕላን ስፒን ውስጥ ገባ። ስቲኩን ሳበ፣ የጭራውን መሪም ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ረገጠ፣ ምንም አልተለወጠም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በተቃራኒው ረገጠ፣ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ሲቀረው አውሮፕላኑ ቀና አለለት። ወርዶም ያደረገውን ለሌሎች ተናገረ። ዛሬ የምንማረው ነገር መነሻው እዚያ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው አደጋ

ብዙ ሰው ስፒን ሲባል የሚታየው ከደመና በታች፣ ሺህ ሜትር ላይ፣ ሰፊ ሰማይ ውስጥ ነው። እዚያ ቦታ አለ፣ ጊዜም አለ። ሰው የሚሞተው ግን ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲታጠፍ ነው፣ 100 ሜትር ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ግላይደር በአንድ ዙር ስፒን ብቻ ወደ 100 ሜትር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ላይ መውጫውን በቃላችሁ ብትወጡትም አይጠቅማችሁም። መሬቱ ይቀድማችኋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። የጀመርኩበት ክለብ ስፒንን ያስተማረን ክፍል ውስጥ፣ በእንጨት ሞዴል ነበር። መውጫውን በቃሌ አውቀው ነበር፣ ፈተናም ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወደ ሌላ ክለብ ተዛወርኩና ከአዲስ አስተማሪ ጋር የማጣሪያ በረራ አደረግኩ። ለማረፍ ስመለስ የጎን ነፋሱ ገፍቶኝ ከማኮብኮቢያው መስመር ልወጣ ሆነ። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ክንፉን የበለጠ ማዘንበል ፈራሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ግራ እግሬ ሳላዘው ፔዳሉን ገፋ፣ አፍንጫውን ወደ መስመሩ ለመጎተት። ግላይደሩ የበለጠ ማዘንበል ሲጀምር ቀኝ እጄ ስቲኩን ወደ ቀኝ ያዘው። አፍንጫው ዝቅ ሲል ሳብኩት። ይህ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ አልፈጀም፣ እኔም ምንም የተለየ ነገር እያደረግኩ ያለሁ አልመሰለኝም።

መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ቀይ የሱፍ ክር አለች። ጣት የምታክል ናት። ግላይደሩ በትክክል ሲበር መሃል ላይ ቀጥ ብላ ትተኛለች። ያን ጊዜ ጭራዋ ወደ ግራ፣ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ተዘርግታ ነበር። አይኖቼ አይተዋታል፣ እኔ ግን አላየኋትም። ከኋላ "ክሯን!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስቲኩም ከእጄ ውስጥ ወደፊት ሄደ። አስተማሪው ነው። አረፍን።

አልተቆጣኝም። ግላይደሩን ገፍተን መልሰን አሰለፍነው፣ ጎታች አውሮፕላን ይዞን ወደ 1,000 ሜትር ወጣን። እዚያ ላይ "አሁን ቅድም ያደረግከውን ሁሉ ድገመው፣ ሳታጋንን" አለኝ። ደገምኩት። ግራ እግር፣ ቀኝ እጅ፣ ትንሽ መሳብ። ለአፍታ ነፋሱ ጸጥ አለ። ከዚያ ግራው ክንፍ ከሥሬ ጠፋ። ዝቅ አለ ማለት አይገልጸውም፣ ጠፋ ነው የምለው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ከፊቴ የነበረው ሰማይ የለም፣ የሚዞር እርሻ ብቻ ነው ያለው። ወጣን። ከፍታ መለኪያውን አየሁት። ቅድም ያ ነገር ታች ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም አስተማሪውም ዛሬ አንኖርም።

ለዚህ ነው የስፒን ትምህርት ዋናው ዋጋ መውጣትን መልመድ አይደለም የምለው። ዋጋው መግቢያውን በሰውነታችሁ ማወቅ ነው። የእግራችሁን ስህተት፣ የክሯን ማዘንበል፣ የነፋሱን ጸጥታ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አማራጮች ሁሉ የምመዝናቸው በዚሁ ነው።

ማስወገድ ብቻ የሚያስተምሩ

እነዚህ ስቶልን ያሳያሉ፣ ክንፍ መውደቅ ሲጀምር ወዲያው ያስተካክላሉ፣ ሙሉ ስፒን ውስጥ ግን አይገቡም። ይህን አካሄድ አትናቁት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 ለግል አብራሪ ፈቃድ ስፒን መሥራት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ትኩረቱ ስቶልን ቀድሞ ማወቅ ላይ እንዲሆን፣ አምራቾችም በቀላሉ ስፒን የማይገቡ አውሮፕላኖች እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የስቶልና የስፒን አደጋ ድርሻ ቀንሷል እንጂ አልጨመረም። አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ግን እዚያው አሜሪካም ስፒን መሥራት ይገደዳል፣ የግላይደር አስተማሪም ጭምር።

ደጋፊዎቹ ሌላም ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ስፒን መለማመዱ ራሱ ሰው ገድሏል። አስተማሪና ተማሪ አብረው ሲለማመዱ የሞቱባቸው አደጋዎች አሉ፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እህቴም የፈራችው ይህንኑ ነው፣ ትክክል ናት።

ታዲያ እኔ ለምን አልመርጠውም? ማስወገድ የምትችሉት የምታውቁትን ነገር ነው። እኔ ማስወገድን ተምሬ ነበር። የአዝዋ ገደል ዳር ላይ ያደገ ልጅ ገደሉን የሚፈራው አባቱ ስለነገሩት ብቻ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ቆሞ ታች ስላየ ነው።

ይህን አማራጭ ከያዛችሁ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ጠይቁ። ስቶሉን ቀጥ ብሎ በመብረር ብቻ ነው የሚያሳዩት ወይስ እየታጠፉ? ቀጥ ብሎ ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም። 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ስትታጠፉ የስቶል ፍጥነት ወደ 19 በመቶ ይጨምራል። ቀጥ ስትሉ በ65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስቶል የሚያደርግ ግላይደር መታጠፊያው ላይ በ77 ያደርገዋል። ይህን በቁጥር ማወቅና በእጅ ማወቅ ይለያያል።

ሙሉ ስፒን፣ በግላይደር፣ ከአስተማሪ ጋር

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። እንግሊዝ አገር ክለቦች ተማሪን ለብቻው ከመልቀቃቸው በፊት ስፒንና መውጫውን ያሠሩታል። ግን "ስፒን እናስተምራለን" የሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ በየትኛው ግላይደር? ብዙ ክለብ ውስጥ የምታገኙት ኤኤስኬ 21 ነው። 17 ሜትር ክንፍ ያለው፣ ገርና ይቅር ባይ ግላይደር፣ ለጀማሪ እጅግ ጥሩ። ግን ስፒን ውስጥ ለመግባት አሻፈረኝ ይላል፣ ቢገባም ቶሎ ራሱ ይወጣል ወይም ወደ ስፓይራል ይለወጣል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ጭራው ላይ የሚታሰር ክብደት አዘጋጅቶለታል። ስለዚህ ክለቡ ያለው 21 ብቻ ከሆነ "የጭራ ክብደቱ አላችሁ? ትጠቀሙበታላችሁ?" በሉ። የለንም ካሉ የስፒን ትምህርታቸው ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ የተሳሳተ ነገር ሊያስተምራችሁ ይችላል። ስቲኩን ለቀቅ ሳደርግ በራሱ ይወጣል ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ከዚያ ባለ አንድ ወንበሩ ላይ ስትወጡ እሱ በራሱ አይወጣም።

የፖላንዱ ፑሃች ተቃራኒው ነው። በደንብ ይገባል፣ በደንብ ይሽከረከራል፣ በትክክለኛው መንገድ ከያዛችሁት በደንብ ይወጣል። ለዚህ ትምህርት በጣም ሐቀኛ መሣሪያ ነው። ግን ቅድም ካልኳቸው የልምምድ አደጋዎች አንዳንዶቹ የደረሱት በእሱ ነው። ከፑሃች ጋር ከፍታና ልምድ ያለው አስተማሪ የግድ ነው። ከስፒኑ ሲወጡም ፍጥነቱን ማየት ያስፈልጋል። የማይታለፈው ፍጥነቱ 215 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ የኤኤስኬ 21 ደግሞ 280። ግላይደር ነፋሱን በቀላሉ የሚቀድ ለስላሳ አካል ስላለው አፍንጫው ወደ ታች ሲሆን ፍጥነት ቶሎ ይሰበስባል፤ ከሚገባው በላይ ወደፊት መግፋትም፣ ደንግጦ በኃይል መሳብም ሁለቱም ይጎዳሉ።

ዲጂ 1000 መሃል ላይ ነው። ጭራው ውስጥ የክብደት ማስቀመጫ አለው፣ ክብደቱን በመቀያየር ገር ወይም ለስፒን ፈቃደኛ ማድረግ ይቻላል። የአሜሪካው የድሮ ሽዋይዘር 2-33 ደግሞ ስፒን ውስጥ ለመቆየት ብዙም አይመቸውም። ብላኒክ ኤል 13 ለዚህ ትምህርት ለዓመታት ያገለገለ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ኦስትሪያ ውስጥ የአንዱ ክንፍ አየር ላይ ከተሰበረ በኋላ ከበረራ ታግዷል። አሁንም በእሱ እንለማመዳለን የሚላችሁ ክለብ ካለ ክንፉ ምን ማስተካከያ እንደተደረገለት በግልጽ ያስረዳችሁ።

ሁለተኛ፣ ከመሬት ተነስተው ወደ ከፍታ የሚወጡት እንዴት ነው? ይህን ማንም አይነግራችሁም። ዊንች ማለት መሬት ላይ በተተከለ ሞተር በገመድ ተጎትቶ መነሳት ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሜትር ላይ ነው የሚለቃችሁ። እዚያ ላይ ሙሉ ስፒን አይሠራም። ስለዚህ የዊንች ክለብ ከሆነ ወይ የሚያነሳ ሞቃት አየር እስኪገኝ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ለዚያ ቀን ጎታች አውሮፕላን መኖር አለበት። ጎታች አውሮፕላን 1,000 ሜትር ያደርሳችኋል፣ ዋጋው ግን ይለያል። "ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው" ላለችው ልጅ የነገርኳት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር። ርካሹ ክለብ ላይ የስፒኑ ቀን ሂሳብ ለብቻው ይመጣል።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አስተማሪው ስፒኑን የሚጀምረው እንዴት ነው? ብዙ ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ፣ ፍጥነቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ጥርቅም። ግላይደሩ ይገለበጣል፣ ተማሪው ይደነግጣል፣ ይወጣሉ፣ ደብተር ላይ ይፈረማል። መውጫውን ተምራችኋል። ግን ለማረፍ ስትመለሱ አፍንጫችሁን ወደ ሰማይ አንስታችሁ ፔዳል የምትጠረቅሙት መቼ ነው? በፍጹም! እውነተኛው ስፒን የሚመጣው ሁሉም ነገር ደህና መስሎ፣ አፍንጫው ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ፣ በትንሽ እግርና በትንሽ እጅ ነው። ጥሩ አስተማሪ ይህንን ነው የሚያሳያችሁ፣ የእናንተን ስህተት፣ በእናንተ እጅ፣ በከፍታ ላይ። ከዚያ ሙሉ ስፒን ከመሆኑ በፊት ያለውን ያንን የአፍታ ጸጥታ ደጋግሞ ያሳያችኋል፣ እዚያው ላይ እንድታቆሙትም ያለማምዳችኋል።

ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያደርግም እዩ። ከፍታ ያረጋግጣል፣ ቀበቶ ያጠብቃል፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና የውሃ ጠርሙስ ያስወጣል፣ ከሥር መንደር አለመኖሩን ያያል፣ ዙሪያውን ዞሮ ሌላ በራሪ ይፈልጋል። ይህን የሚዘል ሰው ጋር አትሂዱ። ከእነዚህ አንዱን እንኳን ቢዘል።

ሞተር ባለው አውሮፕላን

አንዳንዱ ክለብ "ስፒኑን አየር ትርኢት በሚሠራ ባለ ሞተር አውሮፕላን እዩት" ይላል። ጥቅም አለው። አውሮፕላኑ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መውጣት ይቻላል። ፍርሃትን ለማስወገድ ጥሩ ነው፣ በተለይ ከመጠን በላይ ለሚፈራ።

ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የመጀመሪያው ሥራ የሞተሩን ጉልበት መቀነስ ነው፣ እናንተ ሞተር የላችሁም። ክንፉ አጭር ነው፣ ቶሎ ይሽከረከራል፣ ቶሎም ይቆማል። የግላይደር ክንፍ ረጅም ነው፣ ውስጠኛውና ውጪኛው ጫፍ በአንድ መታጠፊያ ላይ የሚበሩበት ፍጥነት በጣም ይለያያል፣ ስፒኑ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ክሯም እዚያ የለችም። ስለዚህ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ኮምፒውተር ላይ

ኮንዶር የተባለውን የግላይደር ሲሙሌተር ደሴ ቁጭ ብላችሁ ላፕቶፕ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ጆይስቲክና ፔዳል ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ። ቅደም ተከተሉን ለመልመድ፣ ስፒንን ከስፓይራል በፍጥነት መለኪያው ለመለየት፣ ክሯን የማየት ልማድ ለማዳበር ይረዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ወር ብትሠሩበት ገንዘብ ታተርፋላችሁ። ሰውነት የሚሰማውን ግን አይሰጥም። ያ ከሥር የሚጠፋው ክንፍ ስክሪን ላይ የለም።

ለእኛ አገር የተለየ ጉዳይ

ይህን ለብቻው የምጽፈው አንድ ቀን አገራችን ላይ ለመብረር ለምታስቡ ነው። እኔም አስባለሁ። ጠዋት ፀሐይ ከኮምቦልቻ በኩል ያለውን ቁልቁለት ስታሞቀው አሞሮቹ ክንፋቸውን አንዴ ሳያርገበግቡ ጦሳን ይዘው ሲወጡ ያየ ሰው ይህ ቦታ ለግላይደር እንደተፈጠረ ያውቃል።

ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። አየሩ ስስ ነው። ፍጥነት መለኪያችሁ ያው 90 ኪሎ ሜትር ቢያሳይም በ2,500 ሜትር ላይ እውነተኛው ፍጥነት 13 በመቶ ያህል ይበልጣል፣ ወደ 102 ይጠጋል። 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ብትታጠፉ ባሕር ጠለል ላይ 64 ሜትር የነበረው የመታጠፊያ ራዲየስ እዚህ 82 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ምን ማለት ነው? ቆላ ላይ የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ በለመደው ቦታ መታጠፍ ሲጀምር ከመስመሩ ያልፋል። መሬቱም ከለመደው በፍጥነት ሲሮጥበት የፈጠነ ይመስለውና ስቲኩን ይስባል። ከዚያ ያቺ ግራ እግር! ስቶሉ ግን የሚመጣው መለኪያው ላይ በዚያው በድሮው ቁጥር ነው፣ አይን የሚያየውን ፍጥነት አያውቅም። ከስፒን ለመውጣት የሚያስፈልገውም ከፍታ ይጨምራል።

ገደል ዳር ስትበሩ ደግሞ አድማሱ ይጠፋል። ከፊታችሁ ያለው የተራራ ተዳፋት የውሸት አድማስ ይሆናል፣ ሳታውቁት አፍንጫችሁን ከፍ ታደርጋላችሁ። ስለዚህ ተራራ አጠገብ ተጨማሪ ፍጥነት መያዝና ሁልጊዜ ከተራራው ወደ ውጪ መታጠፍ ግዴታ ነው። ከቻላችሁ የተራራ በረራ የሚያስተምር ክለብ ምረጡ። ሜዳ ላይ ብቻ የሚበር ክለብ መጥፎ አይደለም፣ ግን እናንተ የምትመለሱት ወደ ወሎ ነው።

መቼ ይሁን?

ለብቻ ከመብረር በፊት። ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ይደረጋል የሚል ክለብ አለ፣ አልስማማም። ለብቻ የሚደረጉት የመጀመሪያ ማረፊያዎች ናቸው እግር ሳይታዘዝ የሚሄድባቸው። ግን የመጀመሪያው ሳምንትም አይሁን። ተማሪው መታጠፍ ሳይችል ስፒን ቢያሳዩት ፍርሃት ብቻ ነው የሚተርፈው። ክሯን መሃል ላይ ይዛችሁ ሁለቱንም አቅጣጫ መታጠፍ ስትችሉ፣ ያኔ። ከዚያ በየዓመቱ ይደገም። በተለይ ለወራት ሳይበሩ ከቆዩ በኋላ፣ ምክንያቱም እጅና እግር ይረሳሉ፣ ወደ ተፈጥሯቸው ይመለሳሉ።

አስተማሪውም ከቸኮለባችሁ አቁም በሉት። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ሦስት ስፒን በአንድ በረራ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሆዱ የተረበሸ ሰው አይማርም።

ልጅቷ ምን ወሰነች

ሦስቱንም ክለቦች አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊላቸው አልኳት። "የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሚደርሰውን ስፒን ለተማሪ የምታሳዩት እንዴት ነው?" ሁለቱ በማግስቱ መለሱ። ስፒንን ማስወገድ ብቻ የሚለው ክለብ እየታጠፉ ስቶል እንደሚያሳዩ፣ ከዚያ እንደማያልፉ በሐቀኝነት ጻፈ። ስፒን የሚያስተምረው ደግሞ ግማሽ ገጽ ጻፈ። በየትኛው ግላይደር፣ ከስንት ሜትር እንደሚጀምሩ፣ ስህተቱን ተማሪው ራሱ እንዲሠራው እንደሚያደርጉ። ሦስተኛው እስካሁን አልመለሰም። ግማሽ ገጽ የጻፈውን ያዘች፣ እናቷም ደብዳቤውን አስተርጉማ ሰማችና ትንሽ ተረጋጋች።

አንድ ነገር ግን ረስቼባት ነበር፣ ማታ ደውዬ ነገርኳት። 52 ኪሎ ናት። ብዙ ባለ ሁለት ወንበር ግላይደር ላይ የፊት ወንበሩ ዝቅተኛ ክብደት 70 ኪሎ አካባቢ ነው፣ መለኪያዎቹ አጠገብ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በታች የሆነ ሰው ከተቀመጠ የግላይደሩ ሚዛን ወደ ጭራው ይሸሻል። ሚዛኑ ወደ ጭራ ሲሸሽ ደግሞ ስፒን መግባት ይቀላል፣ መውጣት ይከብዳል። ስለዚህ የእርሳስ ክብደት ከወንበሯ ሥር ወይም ከፊት ለፊቷ ይታሰርላታል። ዛሬ ረስተነዋል፣ ቀላል በረራ ነው፣ ምንም አይልም የሚላት ሰው ይኖራል። "እሺ ካላሉኝ?" አለችኝ። እሺ ካላሉሽ ከግላይደሩ ውረጂ አልኳት። ክብደቱ ታስሮ፣ ሰሌዳውን አንብበሽ፣ ቁጥሩን በራስሽ ደምረሽ ካልሆነ ክዳኑን አትዝጊ።